በጓዳ በር የገባችው መርማሪ

ጎንደር። እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ የኖሩ አያት ቡና እየጠጡ ነው። የልጅ ልጃቸው የወንጀል ልብ ወለድ ጀምራለች።

ልጅ፦ እማማ፣ መርማሪዋን ሴት ላደርጋት አስቤ ፈራሁ። የሼርሎክ ሆምስ ግልባጭ ናት እንዳይሉኝ።

አያት፦ ማን ማንን ቀደመና! ሆምስ የወጣው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1887 ነው። የሴት መርማሪዎቹ መጻሕፍት ለንደን ላይ የታተሙት በ1864፣ አፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን ባሰሩበት ዓመት። አንዷን አንድሪው ፎሬስተር በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ ሰው፣ ሌላዋን ሚስዝ ፓስካልን ዊልያም ስቲቨንስ ሄይዋርድ ፈጠሯቸው።

ልጅ፦ ያኔ ሴት ፖሊስ ነበረች እንዴ?

አያት፦ የት ተገኝታ! የለንደን ፖሊስ ሴቶችን ያሰማራው በ1919 ነው።

ልጅ፦ ታዲያ ለምን ሴት መረጡ?

አያት፦ ወንዱ ከሳሎን አያልፍማ። ፓስካል ግን ገረድ ሆና ትገባለች። አንድ ሌሊት እመቤቲቱን ተከትላ በጠባብ ቀዳዳ ወደ ምድር ቤት ልትወርድ ስትል፣ ቀሚሷን የሚወጥረው ክፈፍ አላሳልፍ አላት። አውልቃ ጣለችውና ወረደች! ይህን ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ኋላ፣ በ1893፣ ካትሪን ሉዊዛ ፒርኪስ ላቭዴይ ብሩክን አመጣች፤ ሀብቷን አጥታ በምርመራ እንጀራዋን የምትበላ ሴት።

ልጅ፦ እኛ ዘንድስ?

አያት፦ እኛ ዘንድ ሌባ ሻይ ነበረ። ልጁን መድኃኒት አጠጥተው፣ ወገቡን በገመድ ይዘው ይለቁታል፤ ተንገዳግዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ስንት ንጹሕ ሰው ተበደለ! አውጫጭኝ ይሻላል፤ ግን አገሬው ሜዳ ላይ ተቀምጦ ሲመረመር የሚፈተሸው አፍ ነው እንጂ ዕቃ አይደለም። ልጅ ሳለሁ ዳባት፣ ለሰርግ ከተቀመጠ ገንቦ ማር ተሰረቀ። ወንዶቹ ሁለት ቀን አውጫጭኝ ዋሉ። እናቴ ጓዳ ገብታ የገንቦው አፍ የታሰረበትን ጠፍር አየች። እሷ የቋጠረችው አልነበረም፤ አጋሰስ የሚጭን ሰው ቋጠሮ ነው።

ልጅ፦ ተናገረች?

አያት፦ ለአባቴ ነገረችው። ሸንጎ ላይ የተናገረው እሱ፣ የተመሰገነውም እሱ።

ልጅ፦ የኔዋን ታዲያ ምን ላድርጋት?

አያት፦ የድግስ ቤት እንጀራ ጋጋሪ አድርጊያት። ማን ሌሊት እንደወጣ፣ ማን ሳይበላ እንዳደረ ከእሷ አይሰወርም። ያየችውን ግን ራሷ፣ ሸንጎ ፊት ቆማ ትናገር።