የአንድ ሽልንግ አስተያየት

አሥረኛ ክፍልን የጨረሰች የእህቴ ልጅ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከመደርደሪያዬ ወስዳ በሦስተኛው ሳምንት መለሰችልኝ። ቡና ተፈልቷል፤ እናቷም አጠገባችን ናት። «እንዴት አገኘሽው?» አልኳት። መጀመሪያ እናቷን አየች፣ ቀጥላ እኔን። «አሪፍ ነው» አለች።

ይቺን «አሪፍ ነው» አውቃታለሁ። ሰው ቤት ተጋብዘን ወጡ ጨው ሲበዛበት «ይጣፍጣል» የምንላት ናት። «እውነቱን ንገሪኝ፤ ፈተና አይደለም» አልኳት።

«አትቆጣኝም፣ ጋሼ?»

«አልቆጣሽም።»

«በዛብህ አናደደኝ። እሺ፣ ገና ነፍስ ሳያውቅ ለስለት ሰጡት። ካደገ በኋላ ግን ስለ ራሱ ነገር ቁርጡን መናገር ለምን እንደዚያ ይጨንቀዋል? ጉዱ ካሳን ግን ወደድኩት። አገሩ ሁሉ እብድ ይለዋል፤ ከሁሉም ደህና የሚያስበው ግን እሱ ነው።»

እናቷ ስኒውን አስቀመጠች። «ዝም በይ አንቺ! ደግሞ ሐዲስ አለማየሁን ልታርሚ ነው?»

እኔን ግን ደስ አለኝ። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ስድሳ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ልብ ወለድ ውስጥ ገብታ ከበዛብህ ጋር እንደ ጎረቤት ልጅ ተጣልታ ወጣች። ደራሲ ከዚህ በላይ ምን ይመኛል?

ስለዚያች «አትቆጣኝም?» ነው ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት። ብዙ ወጣት አንባቢ ታላቅ የተባለ መጽሐፍ ሲያነብ የራሱን ሐሳብ ኪሱ ይከትና የመምህሩን ያወጣል። ልጆች፣ ሐሳባችሁን ከኪሳችሁ አውጡት፤ ዋጋ አለው። ስንት ነው ካላችሁኝ፣ ለአንዱ ልጅ አንድ ሽልንግ ተከፍሎበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ለንደን ውስጥ ስታንሊ አንዊን የሚባል አሳታሚ ነበር። የልጆችን መጽሐፍ የሚመዝነው ልጅ ነው ብሎ ስለሚያምን፣ ከአንድ የኦክስፎርድ መምህር የመጣለትን ረቂቅ ለአሥር ዓመት ልጁ ለሬይነር ሰጠው። ሬይነር አነበበና አጭር አስተያየት ጻፈ። ታሪኩን በጥቂት መስመር ጠቀለለው፤ ካርታ ካለው ሥዕል አያስፈልገውም አለ፤ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ያሉ ልጆች ሁሉ ይወዱታል ብሎ ፈረደ። አባትየው ሽልንጓን ከፈለው። መጽሐፉ በዓመቱ ታተመ። የጄ. አር. አር. ቶልኪን «ዘ ሆቢት» ነው።

ልብ በሉ፣ ልጁ ተሳስቷል። ያን መጽሐፍ እንኳን የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ አያቱም ያነብበዋል። በዋናው ነገር ግን አልሳተም፤ ጥሩ ነው አለ፣ ጥሩም ነበር። ይኸው ሬይነር አድጎ የአባቱን ሥራ ተቀላቀለ። ቶልኪን ከዓመታት በኋላ የጻፈውን ግዙፉን «የቀለበቶቹ ጌታ» ድርጅቱ ሊከስርበት ይችላል እየተባለም እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 ለአንባቢ ያደረሰው እሱ ነው። በአሥር ዓመቱ «እኔ እንዲህ ይመስለኛል» ማለት የለመደ ሰው፣ ካደገ በኋላም አልፈራም።

ሌላዋ ደግሞ ቅሬታዋን ራሱን መጽሐፍ አደረገችው። በአሜሪካ ኦክላሆማ፣ ተልሳ በምትባል ከተማ የምትኖር የ15 ዓመት ልጅ ለወጣቶች ተብሎ የሚጻፈው ልብ ወለድ ሁሉ አልዋጥ አላት። የሀብታምና የድሃ ልጆች ጎራ ለይተው ሲደባደቡ በየቀኑ ታያለች፤ መጽሐፎቹ ውስጥ ግን ይህ የለም። ማንም ካልጻፈው እኔ ልጻፈው ብላ ተቀመጠች። እየጻፈች በነበረችበት ዓመት በድርሰት ትምህርት ያገኘችው ውጤት «ዲ» ነበር! «ዚ አውትሳይደርስ» እ.ኤ.አ. በ1967 ሲወጣ ገና 18 ዓመቷ ነው። ወንዶቹ ገምጋሚዎች የሴት ሥራ ነው ብለው እንዳይንቁት ስሟ ባጭሩ ኤስ. ኢ. ሂንተን ተብሎ ወጣ። ዛሬ የወጣቶች ልብ ወለድ ታሪክ ሲነሳ እሷን ሳይጠቅስ የሚያልፍ የለም።

በዚህም አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1980 ካሊፎርኒያ፣ ፍሬዝኖ የሚገኝ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ይህ መጽሐፍ ፊልም ይሁንልን ብለው በቤተ መጻሕፍት ሠራተኛቸው አማካይነት ለታዋቂው የፊልም ሰው ለፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ደብዳቤ ላኩ፤ ከሥሩም ፈረሙበት። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1983 ወጣ። ልጆቹ የወደዱትን መጽሐፍ ወደድነው ብለው ዝም ቢሉ ኖሮ ይህ ሁሉ የለም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ ወጣቱ ተሻማበት፤ ከትልልቆቹ አንዳንዱ ፊቱን አጨማደደ። እስከ ዛሬም «ክላሲኩን ትተው ይህን ያነባሉ» የሚል ወቀሳ ይሰማል። የእህቴ ልጅ «ዴርቶጋዳ»ን በሁለት ሌሊት ነው የጨረሰችው። ያንን ወፍራም «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነሳችውም በዚያው ጉልበት ነው። ሜዳ ላይ ሮጦ የማያውቅ ዳገት ይከብደዋል። ስለዚህ የምትወዱትን ልብ ወለድ ከትራስ ሥር አትደብቁ፤ ጠረጴዛ ላይ፣ ከክላሲኩ ጎን አስቀምጡት። ከዚያ ሁለቱንም በአንድ ሚዛን መዝኑ።

ሚዛኑን እንዴት እንይዘዋለን? ሦስት ነገር ልበላችሁ።

አንደኛ፣ ከ«አልወደድኩትም» ቀጥሎ «ምክንያቱም» ይምጣ። «ደበረኝ» ብሎ ማቆም የሚናገረው ስለ እናንተ እንቅልፍ ብቻ ነው። «እዚህ ምዕራፍ ላይ ይህ ሰው ይህን አደረገ፣ እኔ አላመንኩትም» ስትሉ ግን ስለ መጽሐፉ እያወራችሁ ነው። ገጹን ጠቁሙ። የጠቆመ ሰው ይደመጣል፤ ቢሳሳትም ይከበራል።

ሁለተኛ፣ መጽሐፍ መተው ወንጀል አይደለም፤ ግን ዕድል ሰጥታችሁት ይሁን። ናንሲ ፐርል የምትባል የሲያትል የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ለአንባቢዎቿ የሰጠቻት የታወቀች ምክር አለች፤ 50 ገጽ አንብቡና ካልጣማችሁ ተዉት። እኔ ለወፍራም መጽሐፍ መቶ አደርጋታለሁ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው ማንኩሳ ላይ፣ በበዛብህ ወላጆች ታሪክ፣ ረጋ ብሎ ነው። እዚያ ላይ ተሰላችቶ የዘጋው ሰው ጉዱ ካሳን ሳያውቀው ይቀራል።

ሦስተኛ፣ አስተያየታችሁን ጻፉት፤ ቀንም አስቀምጡበት። እኔ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማሁ ጊዜ በዛብህን ነበር የምወደው፤ ለእሱ አልቅሻለሁ። ሴት ልጅ ወልጄ ካሳደግሁ በኋላ መልሼ ሳነበው ግን፣ በዘር ኩራት ለልጃቸው የመጣውን ባል ሁሉ ሲመልሱ የኖሩት ፊታውራሪ መሸሻ እንኳ አሳዘኑኝ። መጽሐፉ ያው ነው፣ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። የተለወጥኩት እኔ ነኝ። ያኔ የተሰማኝን ጽፌው ቢሆን ኖሮ የመጣሁበትን መንገድ ዛሬ በዓይኔ አየው ነበር። አለመጻፌ ይቆጨኛል።

ያን ዕለት ለእህቴ ልጅ የምከፍለው ሽልንግ አልነበረኝም፤ ከሱቅ አንድ ደብተር ገዛሁላት። ባለፈው እሑድ አሳየችኝ። የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ «በዛብህ» ብላ ጽፋለች፤ ከጎኑ ቀኑ አለ፤ ከሥሩ ሁለት ገጽ ሙሉ ክስ። በሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ቀለሙ በተለየ እስክሪብቶ፣ «ምናልባት እኔም ብሆን እፈራ ነበር» ይላል። እናቷ አንብባው ምንም አላለችም፤ መጽሐፉን ግን ከመደርደሪያዬ ይዛ ሄደች።

እናንተም ዛሬ ማታ በመጨረሻ ያነበባችሁትን ልብ ወለድ አስቡና ሦስት መስመር ጻፉ። ርእሱን፣ ቀኑን፣ ከዚያም «ምክንያቱም»ን። ማንም አይቆጣችሁም።