ሰው ቤት ሆኜ ማስተርስ አማረኝ

«እትዬ፣ ኩዌት አርዲያ ሰው ቤት የምሠራ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ጎጃም ሁለተኛ ደረጃ አማርኛ አስተምር ነበር፤ ደመወዙ አልበቃ ሲለኝ በኮንትራት ወጣሁ። ማታ ሥራ ሲያልቅ የጓደኞቼን ታሪክ በስልኬ እጽፋለሁ። አገሬ ገብቼ የሥነ ጽሑፍ ማስተርስ ልማር፣ ደራሲ ልሁን ብላቸው ቤተሰቦቼ ‹የመጀመሪያው ዲግሪ መቼ ጠቀመሽ!› ብለው ሳቁ። ወንድሜ ደግሞ የጀመረው ቤት ጣሪያ እስኪለብስ ቆዪ ይላል። ምን ይሻለኛል?»

ቲቸርዬ፣ ከጣሪያው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነውና። ጣሪያው ሲያልቅ በርና መስኮት ይከተላል፣ ከዚያ አጥር፣ ከዚያ ሠርግ። አትላኪ አላልኩም። ግን ኮንትራትሽ እስኪያልቅ በወር ይህን ያህል፣ ከዚያ ወዲያ የለም ብለሽ ቁርጡን ንገሪው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 68፣ ኮንትራትሽን ስትጨርሺ ለሠራሽበት እያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ እንዲከፈልሽ ያዛል። ይህ ገንዘብ ለቆርቆሮ አይውልም፣ የትምህርትሽ ነው። አኩርፈሽ ኮንትራት አቋርጠሽ ብትወጪ ግን እሱንም ወረቀትሽንም ታበላሻለሽ።

ወደ ማስተርሱ ስንመጣ፣ ምናልባት ቅር ይልሽ ይሆናል። አገር ቤት ያለው የሥነ ጽሑፍ ማስተርስ በአመዛኙ ሌሎች የጻፉትን መመርመር ነው፤ የመመረቂያው ጽሑፍም ጥናት እንጂ ልብ ወለድ አይደለም። የፈጠራ ሥራ ለመመረቂያ ይቀበሉ እንደሆነ ትምህርት ክፍሉን አስቀድመሽ ጠይቂ። ደግሞ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ጋት የሚሉት አገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና መጥቷል። ሒሳብ ነክ ጥያቄም ስላለው አማርኛ ማስተማርሽ ብቻውን አያሳልፍሽም፤ ከአሁኑ ተለማመጂ።

ሐዲስ ዓለማየሁም ከጣሊያን ወረራ በፊት አስተማሪ ነበሩ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ሃምሳ ዓመት አልፏቸው ነበር፤ ማንም የድርሰት ዲግሪ አልጠየቃቸውም። መዓዛ መንግሥቴ በአንጻሩ ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ድርሰት ተምራ ነው የመጀመሪያ ልብ ወለዷን በ2010 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ትምህርት ቤት የሚሰጥሽ ትልቁ ነገር የማንበቢያ ጊዜና ጽሑፍሽን ሳያባብል የሚነቅፍ ሰው ነው። ለሁለት ዓመት የሚበቃ ስንቅ ከያዝሽ ተማሪ። ደመወዝ ይጨምርልኛል ብለሽ ከሆነ ግን ቤተሰብሽ የሳቁት ያለ ምክንያት አይደለም።

አንድ ነገር ያሳሰበኝ ግን የጓደኞችሽ ታሪክ ነው። እነዚያ ሴቶች ዓርብ ዕረፍት ወጥተው የነገሩሽን እያነበብሽ አሰሚያቸው፤ ስማቸውንም፣ የሚሠሩበትን ሰፈርም፣ የትውልድ ቀበሌያቸውንም ለውጪ። አንዲቱ «ይህ ይቅር» ካለች ይቅር፣ ታሪኩ የቱንም ያህል ቢያምር። አንቺም ኮንትራት ላይ እያለሽ የአሠሪዎችሽን ጉዳይ ቲክቶክም ሆነ ፌስቡክ ላይ እንዳታወጪ፤ ኩዌት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ፍርድ ቤት ያደርሳል። የጻፍሽውን ደግሞ ማታ ማታ ወደ ራስሽ ኢሜይል ላኪው፣ ስልክ ይጠፋል፣ ይቀማልም።

ኮንትራትሽ እስኪያልቅ ሁለት አጫጭር ልብ ወለዶች ጨርሺ። የተጀመረ አላልኩሽም፣ ያለቀ። አንዱን ለእኔ ላኪልኝ፤ አማርኛ አስተማሪ ነሽ ብዬ አላዝንልሽም፣ በቀይ እስክሪብቶ ነው የማነበው።