የውኃ ውስጥ ብረት መፈለጊያ መዛቂያ ጥንካሬ፦ የእጀታው መጋጠሚያ እና የቀዳዳዎቹ አደራደር

በፍሎሪዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ እስከ ደረት በሚደርስ ውኃ ውስጥ ቆመው፣ በተለምዶ ሜታል ዲቴክተር በሚባለው ብረት ጠቋሚ መሣሪያ የጠፉ ቀለበቶችንና ሳንቲሞችን ለሚፈልጉ ሰዎች መዛቂያ ከመሣሪያው ባልተናነሰ ያስፈልጋቸዋል። መዛቂያው ረጅም እጀታና እንደ ወንፊት የተበሳሳ የብረት ቅርጫት አለው። ፈላጊው ቅርጫቱን በእግሩ ረግጦ ወደ አሸዋው ካስገባ በኋላ እጀታውን ወደ ራሱ ስቦ ይፈነቅለዋል፤ አሸዋው በቀዳዳዎቹ ሲፈስስ የተፈለገው ዕቃ ይቀራል። ሥራው ቀላል ይመስላል። ሆኖም በውኃ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ በማዕበል ወዲያው ስለሚሞላ፣ መዛቂያው በመካከል ቢታጠፍ ወይም ቢሰበር ዕቃው የነበረበትን ቦታ መልሶ ማግኘት አስቸጋሪ ይሆናል።

ችግሩን የሚያከብደው የዕቃው እፍግታ ነው። የኳርትዝ አሸዋ እፍግታ 2.65 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ሲሆን የ14 ካራት ወርቅ ግን ወደ 13 ይጠጋል። ማዕበል አሸዋውን ባላላው ቁጥር ቀለበቱ ጠንካራ ንጣፍ እስኪያገኝ ድረስ ይሰምጣል። በዚህ ጠረፍ ንጣፉ የታመቀ የዛጎል ስብርባሪ፣ አለዚያም ከሴንት ኦገስቲን እስከ ፓልም ቢች አካባቢ የሚዘረጋው አናስታሲያ የተሰኘ የኮኪና ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተፈላጊው ዕቃ የሚያርፈው መዛቂያው እጅግ በሚፈተንበት ቦታ ላይ ነው።

የመዛቂያ ጥንካሬ በቅርጫቱ ላሜራ ውፍረት ብቻ ሲለካ ዋናው ነገር ይዘለላል። መዛቂያ በተግባሩ መፈንቅል ነው፤ ቅርጫቱ በዛጎል ውስጥ ተቀርቅሮ እጀታው ሲሳብ፣ የማጠፍ ሞመንቱ ከፍተኛ የሚሆነው እጀታው ከቅርጫቱ በሚገናኝበት ቦታ ነው። ከመጋጠሚያው 1 ሜትር ርቆ የ300 ኒውተን ኃይል ቢያርፍ፣ ማለትም 30 ኪሎ ግራም ገደማ ቢንጠለጠልበት፣ መጋጠሚያው 300 ኒውተን ሜትር ይሸከማል። የውጭ ዲያሜትሩ 32፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ በዚህ ጊዜ 286 ሜጋፓስካል ጫና ያርፍበታል። ቁጥር 316 የተባለው አይዝጌ ብረት ታጥፎ ላለመቅረት ዋስትና የሚሰጠው እስከ 205 ሜጋፓስካል ብቻ ነው። ቱቦው ይታጠፋል ማለት ነው።

መፍትሔው ቱቦውን ማወፈር ቢመስልም ስሌቱ ሌላ መንገድ ያሳያል። ዲያሜትሩ 32 እንደሆነ ውፍረቱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ቢያድግ ጫናው 225 ሜጋፓስካል፣ ክብደቱም በሜትር 1.51 ኪሎ ግራም ይሆናል። ውፍረቱ 1.5 እንደሆነ ዲያሜትሩ ወደ 38 ቢያድግ ግን ጫናው ወደ 199 ሲወርድ ክብደቱ 1.38 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ሰፊው ቱቦ ቀላልም ብርቱም ነው። ውኃው ክብደቱን ያቃልላል የሚል ተስፋም ብዙ አያዋጣም፤ አይዝጌ ብረት በባሕር ውኃ ውስጥ የሚቀልለው በስምንት አንድ ያህል ነው።

እዚህ ላይ ብየዳው የራሱን ጥያቄ ያመጣል። አይዝጌ ብረት ሲበየድ በውስጡ ያለው ካርቦን ከክሮሚየሙ ጋር ተጣምሮ የብየዳውን ዳርቻ ለዝገት ሊያጋልጥ ይችላል። ለዚህ የሚመረጠው ካርቦኑ ከ0.03 በመቶ የማይበልጠው 316 ኤል ነው፤ የጥንካሬ ወሰኑ ግን 170 ሜጋፓስካል ነው። ስለዚህ ከላይ የተሻለ ሆኖ የታየው ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ቱቦ አይበቃም፤ 38 በ2 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል፤ ጫናው 155 ሜጋፓስካል፣ ክብደቱ 1.81 ኪሎ ግራም ይሆናል። ሳይሞቅ በመሳብ የጠነከረ ቱቦ ከዚህ የበለጠ ቢሸከምም፣ የብየዳው ሙቀት በደረሰበት ክፍል ያ ተጨማሪ ጥንካሬ ይለሰልሳል፤ የሚሰበረውም እዚያው ስለሆነ ዝቅተኛውን ቁጥር መያዝ ይሻላል። እጀታው ከቅርጫቱ ጋር በአንድ የብየዳ ቀለበት ብቻ ከሚያያዝ፣ ወደ ቅርጫቱ ጀርባ ወርዶ በላይኛው ጠርዝና በታች በሁለት ቦታ ቢበየድ ሞመንቱ ይከፋፈላል። በመካከሉ የሚገባ ባለ ሦስት ማዕዘን ላሜራም ይረዳል።

በጨው ውኃ ውስጥ ከ304 ይልቅ 316 የሚመረጠው ከ2 እስከ 3 በመቶ ባለው ሞሊብዲነም ምክንያት ነው፤ ክሎራይድ የሚያደርሰውን የነጥብ ዝገት የሚቋቋመው በዚሁ ነው። ክብደት ለመቀነስ የአሉሚኒየም እጀታ በአይዝጌ ቅርጫት ላይ በብሎን ማሰር አይመከርም፤ በባሕር ውኃ ውስጥ ሁለቱ ሲነካኩ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው።

ቀዳዳዎቹ ሌላ ስምምነት ይጠይቃሉ። 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ክብ ቀዳዳዎች ተሰባጥረው ከመሐል እስከ መሐል በ16 ሚሊ ሜትር ርቀት ቢበሱ የላሜራው 51 በመቶ ክፍት ይሆናል፤ በ20 ቢበሱ 33 በመቶ። የመጀመሪያው አሸዋውን ቶሎ ያፈስሳል፤ ነገር ግን በቀዳዳዎቹ መካከል የሚቀረው ብረት 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ ክብ ቀዳዳ ደግሞ በጠርዙ ላይ ጫናን እስከ ሦስት እጥፍ ያሳድጋል። ስለዚህ ጀርባውን አብዝቶ፣ ወለሉን አሳስቶ መብሳት፣ ዛጎሉን የሚቆርጠውን አፍ ግን ጨርሶ አለመብሳት ተገቢ ነው። ረጅም ስንጥቅ አሸዋውን ቢያፈስስም፣ ውፍረቱ 1.35 ሚሊ ሜትር የሆነውን የአሜሪካ 10 ሳንቲም በጠርዙ ያሳልፋል፤ ዲያሜትሩ 17.91 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በ12ቱ ክብ ቀዳዳ ግን አያልፍም። ቀጭን ሐብልና የጆሮ ጌጥ በሁለቱም ያመልጣሉ።

የአርጎን ብየዳ የሚችል ባለሙያ ባለበት መሥራቱ ከመግዛት አያንስም፤ የብየዳውን ሰማያዊና ቡናማ ቀለም አጽድቶ ማውጣት ግን እንደ ማስዋብ መታየት የለበትም፣ ዝገቱ የሚጀምረው እዚያ ነውና። የተገዛም ሆነ የተሠራ መዛቂያ ባሕር ከመግባቱ በፊት በግቢ ውስጥ ሊፈተን ይችላል። ቅርጫቱ በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ታስሮ እጀታው አግድም ይደረግና፣ ከመጋጠሚያው 1 ሜትር ላይ 30 ኪሎ ግራም አሸዋ የያዘ ጆንያ ይንጠለጠልበታል። ጆንያው ሲወርድ የእጀታው ጫፍ ከመሬት ያለው ከፍታ ከፈተናው በፊት ከተለካው ጋር ይነጻጸራል፤ የብየዳው ዳርቻም ስንጥቅ እንዳለው በማጉያ መነጽር ይታያል።