አንድን ጌም ደጋግሞ መጫወት፦ ማረፊያ ነው ወይስ መደበቂያ?

 

ዛሬ የማወራችሁ ብዙዎቻችን ስለምናደርገው፣ ሐኪም ፊት ለመናገር ግን ስለምናፍርበት ነገር ነው። ስልካችሁ ላይ አንዲት ጌም አለች። አዲስ አይደለችም። አንድ ሺህ ጊዜ ተጫውታችኋታል። ግን ሲደክማችሁ ወይም ሲከፋችሁ እጃችሁ ራሱ ሄዶ ይከፍታታል። ካንዲ ክራሽ ልትሆን ትችላለች፣ ሉዶ፣ ዳማ፣ ካርታ፣ ወይም ጡብ መደርደር። ይሄ ነገር ጤና ነው ወይስ በሽታ? እስቲ በአንድ ታሪክ እንጀምር።

ከጥቂት ወራት በፊት ዓይናለም የሚኖሩ አንዲት እናት ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት አስቸግሯቸው ወደ እኔ መጡ (ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል፤ እንዳይታወቁ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ)። ግፊታቸው ደህና ነው፣ ምርመራው ሁሉ ደህና ነው። አብራቸው የመጣችው ልጃቸው ቶሎ ብላ «ዶክተር፣ እማዬ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ጌም ነው የምትጫወተው!» አለች። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ችኩል መልስ ሰጠሁ፦ «ጌሙን ያጥፉት፣ እንቅልፍዎ ይመለሳል።» ማስታገሻ ጽፌ ሸኘኋቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። ጌሙን አጥፍተውታል። እንቅልፋቸው ግን ብሶበታል። አሁን ጨለማ ውስጥ አፍጥጠው ነው የሚያነጉት። ያኔ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን ጥያቄ ጠየቅኩ፦ «ይህን ጌም መጫወት የጀመሩት መቼ ነው?»

«ዶክተር ወደይ፣ ስልክ ተቋርጦ በነበረ ጊዜ ነዋ» አሉኝ።

በጦርነቱ ጊዜ ኔትወርክ ሲጠፋ ስልካቸው መደወያ መሆኑ ቀረ። ወንድ ልጃቸው የት እንዳለ አያውቁም። መብራት በመጣ ቀን፣ ወይም ጎረቤት ሶላር ላይ ቻርጅ ባደረጉ ቀን፣ ኢንተርኔት የማትፈልገዋን ያቺን ጡብ የምታስደረድር ጌም ይከፍታሉ። «እጄ ሲሠራ ሐሳቤ ዝም ይላል» አሉኝ። ልጃቸው በሰላም ተመልሷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሌሊት ላይ ግን ያ ጭንቀት አሁንም ይመጣል። በዚያ ላይ ውሃ የምትመጣው ሌሊት ነው። የከተማችን ውሃ በብዛት የሚቀዳው ከዓይናለም ጉድጓዶች ቢሆንም፣ እዚያው ዓይናለም እየኖሩ ጀሪካን ለመሙላት በሌሊት ይነሳሉ። ከተነሱ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ጌሙ ይከፈታል።

እኔ እንደ ችግር ያየሁት ጌም ለእሳቸው መድኃኒት ነበር። ፍጹም መድኃኒት አይደለም፤ ግን ምትክ ሳልሰጣቸው ነጠቅኳቸው። የዛሬው ትምህርት የመጣው ከዚህ ስህተቴ ነው።

ለምንድነው ያንኑ ጌም ደጋግመን የምንጫወተው?

1. የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። የተጨነቀ አእምሮ «ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን?» እያለ ሲጠብቅ ነው የሚደክመው። የምናውቀው ጌም ውስጥ የሚመጣውን እናውቃለን። ቀድሞ ያየነውን ፊልም ደግመን እንደማየት ነው።

2. ውጤቱ በእጃችን ነው። ኑሮ ውድነቱን፣ የደመወዝ መዘግየትን፣ የሥራ ማጣትን በአንድ ጣት ማስተካከል አንችልም። ጡቡን ግን ቦታው ላይ ስናስቀምጠው ይቀመጣል። ትንሽ ድል ናት፣ ግን ድል ናት።

3. ትዝታ አለው። ኖኪያ እ.ኤ.አ. በ1997 በ6110 ስልኩ ላይ የእባቧን ጌም አመጣ፣ በ2000 የወጣው 3310 ደግሞ ሁለተኛዋን ይዞ መጣ። በአባቱ ስልክ ተደብቆ እባቧን ያልመገበ አለ? እኔ ራሴ ዲውቲ ላይ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ሕመምተኛ ሲረጋጋ አምስት ደቂቃ እባብ እጫወታለሁ። ወደ ልጅነቴ ቤት ገብቼ የወጣሁ ያህል ይሰማኛል።

ደግሞ ነገሩ ከስልክ ጋር የመጣ አይደለም። አያቶቻችን መሬት ቆፍረው፣ ጠጠር ሰብስበው ገበጣ ሲጫወቱ ኖረዋል። ሕጉ ያው፣ ጉድጓዱ ያው፣ ጠጠሩ ያው። ማንም «ሱሰኛ» አላላቸውም። አንድ ልዩነት ግን አለ፦ ገበጣ ከሰው ጋር ነው፣ ሲመሽ ደግሞ ያበቃል። ስልኩ ብቻችንን ያስቀምጠናል፣ አያበቃምም።

ጥናት ምን ይላል?

የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት ከ3,000 በላይ ተጫዋቾችን አይተዋል። ሰዎቹ «ይህን ያህል እጫወታለሁ» ያሉትን ብቻ ሳይሆን ከጌሙ ድርጅቶች የተገኘውን ትክክለኛ የጨዋታ ሰዓት ነው የወሰዱት። አንዱ ጌም ሰዎች ደሴት ላይ ቤት የሚሠሩበትና አትክልት የሚተክሉበት፣ በኮቪድ መጀመሪያ ላይ የወጣው አኒማል ክሮሲንግ ነበር። ብዙ የተጫወቱት ሰዎች በጥቂቱ የተሻለ ስሜት እንዳላቸው ተናገሩ። በ2022 የወጣው፣ ወደ 39,000 ሰዎችን ያካተተው ሁለተኛው ጥናት ግን የጨዋታ ሰዓት መብዛቱ ብቻውን ስሜትን ያን ያህል እንደማይጎዳም እንደማይጠቅምም አሳየ። ይልቅ የሚለየው «ወድጄ ነው የምጫወተው» ወይም «ካልተጫወትኩ አልችልም» የሚለው ስሜት ነው። ይህን ያዙልኝ።

ስለ ቴትሪስ ደግሞ ላውራችሁ። ጌሙን እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ውስጥ የሠራው አሌክሲ ፓጂትኖቭ ነው። በ2017 በወጣ ጥናት፣ እንግሊዝ ውስጥ የመኪና አደጋ ደርሶባቸው ድንገተኛ ክፍል የገቡ 71 ሰዎች ተሳተፉ። ገሚሶቹ አደጋው በደረሰ በስድስት ሰዓት ውስጥ፣ የሆነውን በአጭሩ እንዲያስታውሱ ተደርጎ ከዚያ ቴትሪስ ተጫወቱ። በቀጣዩ ሳምንት ያለ ፈቃድ ድቅን የሚለው የአደጋው ምስል ከሌሎቹ በእጅጉ ቀነሰላቸው። ምክንያቱ ምን ይሆን? አእምሯችን ምስል የሚይዝበት ቦታ ጠባብ ነው። ጡቦቹ ቦታውን ሲይዙት አስፈሪው ምስል ጠልቆ የሚቀመጥበት ያጣል ተብሎ ይታሰባል።

እባካችሁ ይህን «ጌም የአእምሮ ቁስልን ይፈውሳል» ብላችሁ እንዳትረዱት። የተደረገው በባለሙያ እጅ፣ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ነው። ግን እኚያ እናት «እጄ ሲሠራ ሐሳቤ ዝም ይላል» ያሉት ነገር ከሜዳ የመጣ አለመሆኑን ያሳየናል።

መቼ ነው ችግር የሚሆነው?

የዓለም ጤና ድርጅት «የጌም መዛባት» የሚባለውን ሕመም በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ አካቷል። ዝርዝሩ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ነው። መለኪያዎቹ ሦስት ናቸው፦

1. መቆጣጠር አለመቻል (መቼ እንደሚጀምሩ፣ መቼ እንደሚያቆሙ፣ ምን ያህል እንደሚጫወቱ)
2. ጌሙ ከሥራ፣ ከትምህርት፣ ከቤተሰብና ከሌላው ደስታ ሁሉ መቅደሙ
3. ጉዳቱን እያዩም መቀጠል፣ እንዲያውም መጨመር

እነዚህ ኑሮን በግልጽ ማበላሸት አለባቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም ቢያንስ ለ12 ወራት መቆየት አለባቸው። ስለዚህ ልጃችሁ ሁለት ሰዓት ስለተጫወተ «በሽተኛ ነው» አትበሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አይምታታባችሁ። ብር የሚያስይዝ ጨዋታ ማረፊያ ጌም አይደለም። ቤቲንግ ቁማር ነው። ማረፊያ ጌም ላይ ስትሸነፉ እንደገና ትጀምራላችሁ። ቤቲንግ ላይ ስትሸነፉ ግን የቤት ኪራዩ ነው የሚሄደው፣ አእምሯችሁም «ላስመልስ» እያለ ይነዘንዛችኋል። ከጡብ ጌም መሀል የሚወጣ የቁማር ማስታወቂያ ካያችሁ አልፋችሁ ሂዱ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

• ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ልረፍ ነው ወይስ ልሸሽ?» መሸሽም አንዳንዴ ይፈቀዳል። ግን ከምን እንደምትሸሹ እወቁት።

• የሚያልቅበትን አስቀድማችሁ ወስኑ። «ሦስት ዙር» ወይም «ሻዩ እስኪፈላ» በሉ። ኖቲፊኬሽኑንም አጥፉት።

• አልጋ ላይ አትጫወቱ። አልጋ ለእንቅልፍ ብቻ ይሁን። ሌሊት ነቅታችሁ እንቅልፍ እምቢ ካለ ተነሱ፣ ሌላ ቦታ በደብዛዛ መብራት ተቀመጡ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ተመለሱ። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል።

• ዓይናችሁን አሳርፉ። ስክሪን ላይ ስናፈጥ መርገብገብ እንቀንሳለን፣ ዓይን ይደርቃል። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ 6 ሜትር ያህል ራቅ ያለ ነገር ተመልከቱ።

• አንገታችሁን ቀና አድርጉ። የአውራ ጣታችሁ ሥር የእጅ አንጓ አካባቢ ካመማችሁ ጥቂት ቀን ጣቱን አሳርፉት። ካልተሻላችሁ ታዩት።

ለቤተሰብ ደግሞ፦ ስልኩን ከመንጠቃችሁ በፊት እንደ እኔ አትቸኩሉ። «ምን እያስጨነቀህ ነው?» በሉ። አንዳንዴ አጠገብ ተቀምጦ «እስቲ አሳየኝ፣ እኔም ልሞክር» ማለት ከቁጣ ይሻላል።

መቼ ነው ወደ ሐኪም የሚኬደው?

ባለፉት ሁለት ሳምንታት አብዛኛውን ቀን ስሜታችሁ ከወረደ፣ ወይም ድሮ ደስ የሚላችሁ ነገር (ጌሙም ጭምር!) ደስ ካላላችሁ ታዩት። ያለፈ ክፉ ነገር በሕልም ወይም በሐሳብ እየመጣ ካስጨነቃችሁም እንዲሁ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ግን አንድ ቀን አታሳድሩት፤ ለምታምኑት ሰው ንገሩና አሁኑኑ ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ሂዱ። መቐለ ያላችሁ ዓይደር፣ አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ቅርብ ያለ ጤና ጣቢያም ያያችኋል፣ አስፈላጊ ከሆነም ሪፈር ይጽፋል።

እኚያ እናትስ? ጌሙን መልሰን ጫንነው። ግን ሰዓቱን ቀየርነው፦ ከእራት በኋላ ግማሽ ሰዓት፣ ሳሎን ውስጥ፣ ከልጃቸው ጋር። ስልኩ ማታ ቻርጅ የሚደረገው ከመኝታ ክፍል ውጭ ሆነ። ጀሪካኑን ልጆቹ በተራ ሊሞሉ ተስማሙ። የሌሊቱን ጭንቀት ደግሞ ከአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር ማውራት ጀመሩ። ባለፈው ሲመጡ ሌሊቱን ሁሉ ባይሆንም አብዛኛውን እንደሚተኙ ነገሩኝ። ከወንበሩ ከመነሳታቸው በፊት ስልካቸውን አውጥተው ያስመዘገቡትን ነጥብ አሳዩኝ። ከእኔ ይበልጣል።

የእናንተስ የማረፊያ ጌም የቷ ናት? መቼ ነው የምትከፍቷት? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ አነባለሁ። ሌሊት ስልክ ይዞ የሚያነጋ ወዳጅ ካላችሁ ይህን ሼር አድርጉለት።

ይህ ጽሑፍ ለትምህርት ነው፣ የሐኪም ምርመራን አይተካም።