ቡት ወይስ አጭር ጫማ? ለተራራ መንገድ ጫማ ስለመምረጥ

ቅዳሜና እሑድ በቡድን ሆነው ወደ እንጦጦ፣ መናገሻ ሱባ፣ ወንጪና ዝቋላ የሚጓዙ አዲስ አበቤዎች በርክተዋል። አዲስ ገቢው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ጫማ ነው፦ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ቡት ልግዛ ወይስ አጭሩ የእግር ጉዞ ጫማ ይበቃኛል? ሁለቱንም ተጫምቼ በበጋም በክረምትም ስለሄድኩባቸው፣ የማውቀውን አንድ በአንድ ላስረዳ።

መጀመሪያ ክብደትን እንይ። በቆዳ ቡትና በአጭር ጫማ መካከል በአንድ እግር የ300 ግራም ልዩነት መኖሩ የተለመደ ነው። በእጅ ሲይዙት ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን 10 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 14,000 ያህል እርምጃ ያስፈልጋል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ 300 ግራም ትርፍ ሲነሳ በድምሩ 42 ኩንታል ይሆናል። በእግር ላይ ያለ ክብደት ደግሞ ከወገብ በላይ ከተሸከሙት ይልቅ በብዙ እጥፍ ያደክማል። የዝቋላን አቀበት በቡትም በአጭር ጫማም ወጥቼዋለሁ፤ በቡት ስወጣ ጭኔ ቀድሞ ይዝላል።

ብዙዎች ቡት የሚመርጡት ቁርጭምጭሚታቸው እንዳይወለም ሰግተው ነው። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መፍትሔው ግን የሚታሰበውን ያህል አስተማማኝ አይደለም። ለስላሳው የቡት አንገት ከድንጋይ ግጭትና ከእሾህ ይጠብቃል እንጂ ሙሉ የሰውነት ክብደት ያረፈበትን እግር ከመታጠፍ አያስጥልም። ይህን የሚያደርገው ወፍራምና ደረቅ ቆዳ ያለው ከባድ ቡት ነው፤ እሱም በክብደቱ ያስከፍላል። በስሜን ተራሮች በቅሎ ነጂዎቹ በኮንጎ ጫማ ገደሉን ሲወርዱ ያየ ሰው፣ ቁርጭምጭሚትን የሚጠብቀው ከልጅነት ጀምሮ የጠነከረ ጅማትና የለመደ እርምጃ መሆኑን ይረዳል። ከተሜውም በየዕለቱ በአንድ እግሩ እየቆመ ቢለማመድ ቁርጭምጭሚቱን ያጠነክራል።

ከመንሸራተት የሚያድነው ሶሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ስድስት ጓዶቹ በአልፕስ ተራራ የሞቱበት ጣሊያናዊ ተራራ ወጪ ቪታሌ ብራማኒ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ጥልቅ ጥርስ ያለውን የጎማ ሶል ለገበያ አቀረበ። ዛሬ ቢጫ ምልክቱ የሚታወቀው ቪብራም የሚለው ስም ከራሱ ስም የተገኘ ነው። እንዲህ ያለ ሶል በቡትም በአጭር ጫማም ይገኛል። በደረቁ የእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ የሚያንሸራትተው ጥርሱ ያለቀ የስፖርት ጫማ ነው፤ የጫማው ቁመት ለውጥ አያመጣም።

ቡት በእርግጥ ዋጋውን የሚያስመሰክረው በጭቃ፣ በብርድና በሸክም ነው። በክረምት መረሬ አፈር ላይ አጭር ጫማ ጭቃውን በአፉ ያስገባል፤ አንዳንዴም ከእግር ወልቆ እዚያው ይቀራል። በስሜን ከ3,600 ሜትር በላይ ባለው የጨነቅ ሰፈር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ማለዳ በጓሳው ሣር መካከል ሲሄዱ ወንፊት ጨርቅ ያለው ጫማ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይርሳል። ድንኳንና ስንቅ ራሱ የሚሸከም ሰውም ጠንካራውን የቡት ሶል ይወደዋል፤ ሾል ያለው ድንጋይ ውስጥ እግሩን አይወጋውምና። ጭነቱን በቅሎ ከያዘለትና ወቅቱ በጋ ከሆነ ግን በስሜንም አጭር ጫማ ይበቃዋል።

ስለ ውሃ አንድ ነገር ልጨምር። ውሃ የማያስገባ ቡት ውሃም አያስወጣም። ወንዝ ሲሻገሩ በአንገቱ በኩል ከገባ ቀኑን ሙሉ እያንቦጫረቀ ይከተላል፤ ማታ ቢሰጣም ጠዋት እርጥብ ነው። ወንፊት ጨርቅ ያለው አጭር ጫማ ወዲያው ይርሳል፣ እየተሄደም ይደርቃል። እርጥብ ካልሲ ደግሞ እግር ውሃ እንዲቋጥር ያደርጋልና ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

በአገራችን ገበያ ደግሞ ጥሩ ጥሩ ቡት የሚገኘው በአብዛኛው በሰልባጅ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አደጋ አለ። የበርካታ ቡቶች መካከለኛ ሶል ፖሊዩሬቴን ከሚባል ነገር ይሠራል፤ ይህም ጫማው ባይደረግ እንኳ በአየር እርጥበት ከዓመታት በኋላ ውስጡ ይበሰብሳል። ቆዳው አዲስ ይመስላል፤ ሶሉ ግን መንገድ ላይ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት በሶሉና በቆዳው መካከል ያለውን ጎን በአውራ ጣትዎ ጠንክረው ይጫኑት። ቢሰነጠቅ፣ ቢጣበቅ ወይም ዱቄት ቢለቅ ይተዉት። ከዚያ ጫማውን አጥፈው ይዩ፤ ሶሉ ከጫፉ ከተላቀቀ ማስቲሽ አይመልሰውም።

የመጨረሻውና ዋናው ነገር ልክ ነው። እግር ሲውል ስለሚያብጥ ጫማ ከሰዓት በኋላ፣ በሚጓዙበት ካልሲ ይሞከራል። ክሩን ሳያስሩ እግርዎን እስከ ፊት ይግፉ፤ ከተረከዝዎ ኋላ አንድ ጣት መግባት አለበት። ከዚያ አስረው ደረጃ ይውረዱ። የእግር ጣትዎ ፊቱን ከነካ ቁጥሩ አንሷል፤ በስሜን ከቧሂት ተራራ ወደ ማሻሃ ወንዝ እንደሚወስደው ባለ ረጅም ቁልቁለት ላይ ጥፍርዎ መጥቆሩ አይቀርም። ሲወጡ ተረከዝዎ ከተነሳ ደግሞ ሰፍቷል።

እንግዲህ አንድ ጫማ ብቻ የሚገዛ፣ በበጋ የሚጓዝና ቀላል ቦርሳ የሚይዝ ሰው ጥርሱ ጥልቅ የሆነ አጭር ጫማ ይግዛ። በክረምት የሚወጣ፣ ከፍታ ላይ የሚያድር ወይም ራሱ የሚሸከም ቡት ይግዛ። የትኛውንም ቢመርጡ ተራራ ከመውጣትዎ በፊት ጥቂት ሳምንት በከተማ ተጫምተው ያለማምዱት።