ብቻውን የሚጫወት ሙዚቀኛና የመብቱ ማስረጃ፦ ከሦስት የአኮስቲክ ብሉዝ ተጫዋቾች ሕይወት የሚገኙ ትምህርቶች

መግቢያ

የአኮስቲክ ብሉዝ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በጥቁር አሜሪካውያን መካከል የተወለደ፣ ያለ ኤሌክትሪክ ማጉያ የሚቀርብ የሙዚቃ ስልት ነው። ብዙዎቹ የጊታር ተጫዋቾች በአውራ ጣታቸው ወፍራሞቹን ክሮች እየመቱ ምቱን ይጠብቃሉ፤ በቀሩት ጣቶቻቸው ደግሞ በቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ ዜማውን ያወጣሉ። በዚህ መንገድ አንድ ሰው አጃቢም ዘፋኝም ይሆናል። የዘርፉ ሙዚቀኞች ራሳቸውን የቻሉ ተደርገው የሚታዩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ብቻን መጫወት መቻልና በሥራ ውጤት ላይ ማዘዝ መቻል የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሚሲሲፒ ጆን ኸርትን፣ የስኪፕ ጄምስንና የኤልዛቤት ኮተንን ተሞክሮ በማነጻጸር ልዩነቱን ይመረምራል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የዘመኑ ሕግና ገበያ

በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ የሸክላ ኩባንያዎች ለብሉዝ ተጫዋቾች በአብዛኛው በተቀረጸው ዘፈን ቁጥር ቁርጥ ዋጋ ከፍለው ያሰናብቱ ነበር። በ1909 የወጣው የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ለእያንዳንዱ የሸክላ ቅጂ 2 ሳንቲም እንዲከፈል ቢደነግግም፣ ክፍያው የሚገባው ለድርሰቱ መብት ባለቤት እንጂ ለተጫዋቹ አልነበረም። የተቀረጸ ድምፅ ራሱ የፌዴራል የቅጂ መብት ጥበቃ ያገኘው ከየካቲት 1972 ጀምሮ ነው። በመሆኑም ከቁርጥ ዋጋው ሌላ ዘላቂ ገቢ ማግኛው ዋነኛ መንገድ በደራሲነት መታወቅ ነበር።

ሦስት ተሞክሮዎች

ጆን ኸርት በሚሲሲፒ ግዛት አቫሎን በተባለች መንደር በእርሻ ሥራ የሚተዳደር ሰው ነበር። በ1928 በሜምፊስና በኒውዮርክ ለኦኬህ ኩባንያ ዘፈኖችን ከቀረጸ በኋላ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ገበያውን ስላዳከመው ወደ ቀድሞ ኑሮው ተመለሰ። በ1963 ሊገኝ የቻለው ከዘፈኖቹ በአንዱ የመንደሩን ስም ጠቅሶ ስለነበር ነው። በዚያው ዓመት በኒውፖርት የፎክ ሙዚቃ ፌስቲቫል ተጫወተ፤ በ1966 ግን ከዚህ ዓለም ተለየ። ዳግም የታወቀበት ዘመን ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ነበር።

ስኪፕ ጄምስ በ1931 በዊስኮንሲን ግዛት ግራፍተን ከተማ ለፓራማውንት ኩባንያ በጊታርና በፒያኖ ተጫውቶ ቀረጸ። ሸክላዎቹ በድቀቱ ሳቢያ እምብዛም አልተሸጡም፤ እርሱም ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት አዞረ። በ1964 የብሉዝ ወዳጆች ሲያገኙት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። በ1966 ክሪም የተሰኘው የእንግሊዝ የሮክ ባንድ አንዱን ዘፈኑን በደራሲነት የእርሱን ስም አስፍሮ አወጣው። ከ35 ዓመት በፊት የተቀረጸ ሥራ የደራሲነት ክፍያ ሊያስገኝለት የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

የሰሜን ካሮላይናዋ ኤልዛቤት ኮተን በልጅነቷ «ፍሬይት ትሬይን» የተሰኘውን ዘፈን ደረሰች፤ ኋላ ግን ለአሥርት ዓመታት ጊታር አልነካችም። እንደገና መጫወት የጀመረችው በሲገር ቤተሰብ ዘንድ በቤት ሠራተኛነት በምታገለግልበት ወቅት ነው። የቤቱ ልጅ ፔጊ ሲገር ዘፈኑን በ1950ዎቹ ወደ እንግሊዝ ይዛው ሄደች። በዚያ ሌሎች ሰዎች በስማቸው አስመዘገቡት፤ በ1957ም በሌሎች ድምፃውያን ተቀርጾ ታዋቂ ሆነ። የኮተን የራሷ አልበም የወጣው በ1958 ነው። ስሟ በደራሲነት የገባው ታሪኩን የሚያውቁት ሲገሮች ከጎኗ ቆመው ከተከራከሩላት በኋላ ነበር።

የሚገኙ ትምህርቶች

አንደኛ፣ መብት የተከተለው ችሎታን ሳይሆን ማስረጃን ነው። ጄምስ ሸክላ ነበረው፤ ኮተን ምስክሮች ነበሯት። ሁለቱም ባይኖሩ ኖሮ የጣቶቻቸው ጥበብ ብቻውን ደራሲነታቸውን ሊያረጋግጥላቸው አይችልም ነበር። ዘፈን ከባለቤቱ እጅ ከመውጣቱ በፊት በጽሑፍ ወይም በድምፅ ከነቀኑ መመዝገብ ያለበት ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ከሙዚቃ ውጭ ያለ መተዳደሪያ ከኩባንያ ጥገኝነት ነጻ ያወጣል፤ ጊዜንም ይወስዳል። የኸርት እርሻ ገበያው ሲዘጋ ኑሮውን ደግፎለታል። ይሁንና በ1928ና በ1963 መካከል ሊቀረጽ ይችል የነበረው ሥራ በዚያው ቀርቷል። የሁለተኛ ሥራ ጥቅም ሲመዘን ይህ ኪሳራ ከሒሳቡ ሊወጣ አይገባም።

ሦስተኛ፣ የባለቤትነት ጥያቄ ልክ ሊኖረው ይገባል። ብሉዝ ከማኅበረሰቡ የጋራ ስንኝና ዜማ በእጅጉ የሚቀዳ ጥበብ ነው። ኸርት የቀረጸው «ፍራንኪ» ለምሳሌ ከእርሱ በፊት በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ትረካ ነበር፤ የእርሱ የሆነው የአጨዋወት ቅንብሩ ነው። የጋራውን ከግል ለይቶ መመዝገብ ለሙዚቀኛውም ለማኅበረሰቡም ይበጃል።

ማጠቃለያ

የሦስቱ ሙዚቀኞች ታሪክ ብዙውን ጊዜ «የተረሱ ጠቢባን ተገኙ» በሚል አስደሳች መልክ ይተረካል። ትረካው ግን ኸርት ለመገኘት በዘፈኑ ውስጥ የጠቀሳት አንዲት የመንደር ስም፣ ኮተንም ለመታወቅ የአሠሪዎቿ ምስክርነት እንዳስፈለጋቸው ይሸፍናል። እንዲህ ያለ አጋጣሚ ያላገኙት ስንት እንደሆኑ የሚቆጥር የለም። አኮስቲክ ብሉዝን ለብቻ መጫወት ይቻላል፤ በሥራው ላይ ያለን መብት ለማስከበር ግን መዝገብም ሰውም ያስፈልጋል።