መፋቂያው ላይ ደም ሲታይ

«ድድ» የሚለው ቃል ለመጻፍ ቀላል ነው። አንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ መጻፍ ብቻ ነው። ድ፣ ድ፤ ድድ። ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ተማሪዎቼ «ይቺማ ምን ታስቸግራለች!» ብለው ሳቁ። እውነት ነው፣ ለንባብ አታስቸግርም። ድዱ ሲታመም ግን ብዙ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። ዛሬ የምናነበው ስለዚሁ ነው። ጽሑፉ ረዘም ይላል። በአንድ ማታ ካላለቀላችሁ ነገ ቀጥሉት። ቤታችሁ ውስጥ ማንበብ ያልጀመረ ሰው ካለ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ አጠገቧ ተቀምጣችሁ አንብቡላት፤ ነገሩ ከሁሉ ይልቅ እሷን ይመለከታል።

መጀመሪያ ጥርስ እንዴት እንደቆመ እንይ። ጥርስ መሬት ውስጥ እንደተተከለ የአጥር እንጨት ነው። እኛ የምናየው ከላይ ያለውን ብቻ ነው። ሥሩ መንጋጋ አጥንት ውስጥ ገብቷል። ድድ ደግሞ አጥንቱን ሸፍኖ፣ የጥርሱን አንገት ዙሪያውን ይዞ ይጠብቃል። በተዳፋት መሬት ላይ የቆመ ዛፍ አይታችኋል። ጎርፍ አፈሩን በየዓመቱ እያጠበ ሲወስድበት ሥሩ ይገለጣል፤ ኋላ ንፋስ ይጥለዋል። ዛፉ ግን አልበሰበሰም ነበር። ብዙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶችም ጥርሳቸውን ያጡት እንዲህ ነው። አንድ ቀዳዳ የሌለው ነጭ ጥርስ እየተነቃነቀ በእጅ ይወልቃል። «እርጅና ነው» እንላለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን የድድ በሽታ ነው።

ይህን የሚያመጣው ምንድን ነው? ጠዋት ስትነሡ ጥርሳችሁን በምላሳችሁ ዳስሱት። ያሟልጫል። በጥፍራችሁ ብትፍቁት ነጣ ያለ ለስላሳ ነገር ይወጣል። ከእራት የተረፈ ምግብ ይመስላል፤ ነገር ግን በአብዛኛው በዓይን የማይታዩ ጀርሞች ተደራርበው የሠሩት ነው። በየቀኑ ካልተፋቀ ይጠጥራል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ውሃ ሲፈላ ሲፈላ እንደሚጋገረው ነጭ ነገር ይሆናል። ከጠጠረ በኋላ በመፋቂያ አይነሣም፤ ባለሙያ በመሣሪያ ያነሣዋል። ጀርሞቹ በድዱ ጠርዝ ላይ ሲከማቹ አካላችን ይዋጋቸዋል። ደም ወደዚያ ይበዛል፤ ድዱ ያብጣል፤ ሲነካም ይደማል።

ይህ ተሞክሮ የታየ ነገር ነው። በአውሮፓ ዴንማርክ በሚባል አገር፣ ኦርሁስ በምትባል ከተማ፣ ሃራልድ ሎ የተባለ የጥርስ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ሙከራ አድርጎ ነበር። ውጤቱ የታተመው በ1957 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965) ነው። ድዳቸው ጤነኛ የሆነ 12 ሰዎች ተመረጡ፤ አብዛኞቹ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ነበሩ። ጥርሳችሁን ማጽዳት አቁሙ ተባሉ፤ አቆሙ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ታመመ። ከዚያ እንደገና አጽዱ ተባሉ። ሲያጸዱ በሳምንት ያህል ጊዜ ድዳቸው ዳነ። እስኪ ልብ በሉ! ሦስት ሳምንት ማለት ሦስት ገበያ ነው። ድድ ለመታመም የሚፈጅበት ይህን ያህል ነው፤ ለመዳን ደግሞ አንድ ገበያ።

ይህ ግን መጀመሪያው ደረጃ ነው። ችላ ከተባለ በብዙዎቹ ላይ ጀርሙ ከድዱ ሥር ይገባል፤ ድዱ ከጥርሱ ይላቀቃል፤ ውስጥ ያለው አጥንት እየተበላ ይሄዳል። የተበላው አጥንት እንደ ነበረ ተመልሶ አይበቅልም። ሕክምና የሚያድነው የቀረውን ነው። ክፋቱ ደግሞ ይህ ሁሉ ሲሆን ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም። የተቦረቦረ ጥርስ ሌሊት ያስጮኻል፤ ድድ ግን ዝም ብሎ ይጎዳል። ምልክቱ ደም ነው፤ የአፍ ጠረን መለወጥም አለ።

ታዲያ እኛ መፋቂያው ላይ ደም ስናይ ምን እናደርጋለን? መፋቁን እንተዋለን። «አቆሰለኝ» እንላለን። ያን ጊዜ ቆሻሻው ይጨምራል፤ ድዱም የባሰ ይደማል። ማድረግ ያለብን ተቃራኒውን ነው። የሚደማውን ቦታ ቀስ አድርገን፣ ግን ሳናቋርጥ ማጽዳት ነው። ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ካጸዳን ብዙውን ጊዜ ደሙ ይቆማል። ካልቆመ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

አሁን ወደ ነፍሰ ጡሮች እንምጣ። አንዲት የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ተማሪ መፋቂያቸውን ከጣሉ ሁለት ወር እንደሆናቸው ነገሩኝ። «ምነው እትዬ?» ብላቸው፣ «ደሙ የልጄ ነው፤ ለምን ላፍሰው?» አሉኝ። ልጃቸውን ማሰባቸው ነው እንጂ ስንፍና አልነበረም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ሴት ስትፀንስ በደሟ ውስጥ ሆርሞን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች በጣም ይበዛሉ። ሥራቸው ማኅፀኑን ለልጁ ማዘጋጀት ነው፤ ድድንም ግን ይነካሉ። ድዱ በጥቂት ቆሻሻ ብዙ ይቆጣል። ከመፀነሷ በፊት ምንም ያላደረጋት ቆሻሻ አሁን ያደማታል። ይህ ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው ወር አካባቢ ይጀምራል፤ እስከ ስምንተኛው ወር እየጨመረ ይሄዳል፤ ከወለደች በኋላ ይቀንሳል። ልጁ የሚመገበው በእንግዴ ልጁ በኩል ነው። ከድድ የምትወጣ ጥቂት ደም ድርሻውን አትቀንስበትም። መፋቂያው ሲጣል ግን እናቲቱ ድዷን ትጎዳለች።

«አንድ ልጅ አንድ ጥርስ ይወስዳል» የሚሉም አሉ። አይወስድም። ካልሲየም የሚባለውን፣ አጥንት የሚሠራበትን ማዕድን፣ ልጁ የሚያገኘው እናቱ ከምትበላው ነው፤ ምግቡ ካነሰ ከአጥንቷ ይሳባል፤ ከጥርሷ ግን አይወጣም። ጤፍ፣ ወተት፣ ጎመን ካልሲየም አላቸው። በእርግዝና ጊዜ ጥርስ የሚጎዳው በሌላ መንገድ ነው። አንደኛው ማስመለስ ነው። ከሆድ የሚወጣው ኮምጣጣ ፈሳሽ የጥርሱን ልባስ ያላላዋል። ያን ጊዜ ወዲያው ቢፋቅ ልባሱ ይበላል። ስለዚህ ካስመለሱ በኋላ አፍን በውሃ ተጉመጥምጦ መትፋት፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መፋቅ ነው። ሁለተኛው አምሮት ነው። ማቅለሽለሽ ሲኖር ስኳር የበዛበት ሻይና ከረሜላ ቶሎ ቶሎ ይወሰዳል። ጥርስን የሚጎዳው የስኳሩ ብዛት ብቻ አይደለም፤ በቀን ስንት ጊዜ መወሰዱም ነው። በመካከል ቆሎ ወይም ቂጣ ይሻላል።

አንዳንዴ በነፍሰ ጡር ድድ ላይ፣ በሁለት ጥርስ መካከል፣ ትንሽ ቀይ እብጠት ይወጣል፤ ሲነካ ይደማል። ያስፈራል። አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይከስማል። ቢሆንም ለባለሙያ ማሳየት ይገባል፤ በቤት ውስጥ በምላጭም ሆነ በክር አትንኩት።

የታመመ ድድ ልጁን ያለ ጊዜው ያስወልዳል የሚል ወሬም ሰምታችሁ ይሆናል። የድድ በሽታ ካለባቸው እናቶች መካከል ያለ ጊዜያቸው የሚወልዱት በዛ እንደሚሉ ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። ነገር ግን ሁለት ነገር አብሮ መታየቱ አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት አይደለም። በአሜሪካ ድዳቸው የታመመ 823 ነፍሰ ጡሮች በሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ በእርግዝናቸው ጊዜ፣ ግማሾቹ ከወለዱ በኋላ ታከሙ። ውጤቱ በ1999 ዓ.ም. (በ2006 እ.ኤ.አ.) ታተመ። ያለ ጊዜው በመውለድ ረገድ በሁለቱ መካከል የጎላ ልዩነት አልታየም። በእርግዝና የታከሙት ግን ድዳቸው ተሻለው፤ ሕክምናውም ጉዳት አላመጣም። እንግዲህ ማንም ነፍሰ ጡርን በዚህ ሊያስፈራራት አይገባም። ድዷን የምትታከመው ለራሷ ስትል ነው፤ ቆሎዋን እስከ እርጅናዋ እንድትቆረጥም ነው። ይህስ ትንሽ ነገር ነው?

መፋቂያ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ለእናንተ ማስተማሩ ያሳፍረኛል። አጠቃቀሙ ላይ ግን ጥቂት ልጨምር። ከወይራ ወይም ከክትክታ ለጋ ቅርንጫፍ ቁረጡ፤ ልጣጩን ከጫፉ አንሡ፤ ጫፉን እንደ ብሩሽ እስኪበታተን አኝኩት። ደረቅና ሹል ጫፍ ድድ ይወጋል። እንደ መጋዝ ወዲህና ወዲያ አትፈግፍጉ፤ ይህ ድድን ያሸሻል። የላይኛውን ጥርስ ከድዱ ጀምራችሁ ወደ ታች፣ የታችኛውን ከድዱ ወደ ላይ ጥረጉ። በምላስ በኩል ያለውን ጎን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ጠዋት ብቻ አይበቃም፤ ማታ ከእራት በኋላ ይበልጣል፤ ሌሊቱን ጀርሙ የሚሠራው አፍ ሲደርቅ ነውና። ያገለገለውን ጫፍ ቆርጣችሁ አዲስ አውጡ። ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ያገኘ ሰው ደግሞ ይጠቀምበት፤ ጥርስ እንዳይቦረቦር ያግዛል። ከሰልና አመድ ግን ልባሱን ይሞርዳሉ። ለታመመ ድድ ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መጉመጥመጥ ያስታግሳል። አባቶችም ከእርሻ ስትመለሱ ለራሳችሁ ብቻ ሳይሆን ለባለቤታችሁም አንድ መፋቂያ ቁረጡ።

ስለ ትምባሆ ባጭሩ። ሲጋራም ይሁን ጋያ ድድን ይጎዳል። አጫሽ ሰው «የኔ ድድ አይደማም» ይላል፤ ትምባሆው የደም ሥሩን ስለሚያጠብበው ነው፤ በሽታው ግን ከሥር ይሠራል። ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ውስጥ ማጨስ ደግሞ ለልጁም ጉዳት ነው። የስኳር በሽታ ያለበት ሰውም ድዱ ቶሎ ይታመማል፤ የታመመው ድድም ስኳሩን ያስቸግረዋል። ድዱ አልድን ያለው፣ ውሃ የሚጠማውና ሽንት የሚያመላልሰው ሰው ቢመረመር መልካም ነው።

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሴቶች ድዳቸውን ይነቀሳሉ። ለውበት ነው፤ ድድ ያጠነክራል ብለው የሚያስቡም አሉ። የተነቀሱትን እናቶቻችንን አላንቋሽሽም፤ ያምርባቸዋል። ነገር ግን ንቅሳቱ ጥርስ ላይ ያለውን ቆሻሻ አያነሣም። አንድ መርፌ ለብዙ ሰው ሲሆን ኤች አይ ቪና የጉበት በሽታ ያስተላልፋል። የተነቀሰ ድድ ሲታመም ደግሞ መቅላቱ አይታይም፤ ስለዚህ የተነቀሳችሁ እናቶች እብጠቱንና ደሙን ተከታተሉ።

ጥርስ የሚነቃነቅ፣ መግል የሚወጣ፣ ከድድ ሌላ ከአፍንጫም የሚደማ ከሆነ አትቆዩ። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ መዋጥ ካቃተ በዚያው ቀን ሂዱ። «እርጉዝ ጥርስ አትታከምም» የሚባለው ልክ አይደለም፤ ድድ ማጽዳትም ሆነ ጥርስ መንቀል ይቻላል፤ ለመቀመጥ የሚመቸው ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ያለው ጊዜ ነው። ከሱቅ ክኒን ገዝቶ መዋጥ ግን አደጋ አለው። ለምሳሌ ቴትራሳይክሊን በእርግዝና ሲወሰድ የሚወለደውን ልጅ ጥርስ ያበላሸዋል። ለሐኪሙ መጀመሪያ የምትነግሩት እርጉዝ መሆናችሁን ነው። ስንተኛ ወር እንደሆነም ንገሩት። ወሩን በቁጥር፣ የምትወስዱት መድኃኒት ካለም ስሙን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ አሁን መጻፍ ትችላላችሁና።